ክራርን ሙያ ለማድረግ፦ የልምምድ ሥርዓት፣ የሚተውና የማይተው

ክራር ለጀማሪ ቸር መሣሪያ ነው። አምስት ወይም ስድስት አውታር ብቻ ስላለው በሁለት ሳምንት ውስጥ ዜማ የሚመስል ነገር ይወጣል፤ ጎረቤትም «ጎበዝ» ይላል። ችግሩ የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ከሦስተኛው ወር ጀምሮ ጣት ይፈጥናል እንጂ ድምፁ አይጠራም፣ ቅኝት (ዘፈኑ የሚሠራበት የድምፆች ስልት) ሲቀየር ጆሮ ይጠፋል፣ ያው ሦስት ዘፈን ይደጋገማል። አብዛኛው ሰው ክራሩን ግድግዳ ላይ የሚሰቅለው እዚህ ጋ ነው። ተሰጥኦ ስላነሰው አይደለም። ለልምምዱ ምን እንደሚተው አስቀድሞ ስላልወሰነ፣ በየቀኑ እንደ አዲስ ከራሱ ጋር ሲከራከር ይደክማል።

ስለዚህ ዲሲፕሊን ስንል በስሜት ተነሳስቶ አምስት ሰዓት መቀመጥን አይደለም። የሚተወውን ነገር አንድ ጊዜ ወስኖ፣ ጽፎ፣ ሰዓቱን ቆርጦ፣ ከዚያ በኋላ በየማለዳው «ልለማመድ ወይስ አልለማመድ» የሚለውን ጥያቄ ማስቀረት ነው።

ሰዓቱን ከየት ታመጣላችሁ

ለሰባት ቀን ክራሩን ሳትነኩ ደብተር ያዙ። በየግማሽ ሰዓቱ ምን እንዳደረጋችሁ ጻፉ፤ ስልክ፣ ታክሲ ጥበቃ፣ ኳስ፣ ወሬ፣ ሁሉንም። በሳምንቱ መጨረሻ ደብተሩን ስታዩ የሚቆረጠው ነገር ራሱ ይታያችኋል። የሚያስፈልጋችሁ በቀን 75 ደቂቃ ለስድስት ቀን ነው፤ በሳምንት ሰባት ሰዓት ተኩል። አንድ ቀን ማረፍ ግዴታ ነው።

ሰባቱን ሰዓት ተኩል እሑድ ላይ መከመር አይሠራም። ጣት የተማረውን የሚያጸናው በእንቅልፍ ነው፤ ስድስት ሌሊት የሚያገኝ ልምምድ አንድ ሌሊት ብቻ ከሚያገኘው ይልቃል። የጣት ጫፍ ቆዳም በአንድ ቀን አይጠነክርም። በሦስተኛው ሰዓት ላይ ውኃ ይቋጥርና ቀጣዩን አራት ቀን ያስቀራችኋል።

መተው ያለበትንና የሌለበትን ለዩ። የምሽት ስልክ፣ የሳምንቱ ጨዋታዎች ሁሉ (አንዱን ምረጡና እዩ፣ ሌላውን ተዉ)፣ ከሥራ በኋላ ሳይታሰብ ሁለት ሰዓት የሚፈጅ የካፌ ቁጭታ፤ እነዚህ ይሂዱ። እንቅልፍ ግን አይነካ። ሰባት ሰዓት ያልተኛ ሰው ቅኝት ሲያዛባ ራሱን አይሰማም፤ ስሕተቱን እየደጋገመ ያጸናዋል፣ በኋላ ማስለቀቁ ከመማር ይብሳል። ለቅሶም አይቀርም። ክራር ተጫዋች የሚኖረው በሰው መካከል ነው፤ ሐዘን ላይ ያልታየ ሰው ሰርግ ላይ አይጠራም፣ ከዚህም በላይ እንጉርጉሮ ምን እንደሆነ የሚታወቀው እዚያው ነው። ዳቦ የሚያበላችሁን ሥራ ወይም ትምህርትም በመጀመሪያው ዓመት አትተዉ። የኪራይ ጭንቀት ያለበት እጅ ይወጠራል፤ ለገንዘብ ሲባል ያልደረሱበትን ሥራ መቀበልም ይመጣል።

ኮንዶሚኒየም ወይም የኪራይ ክፍል ውስጥ ለምትኖሩ የሰዓት ጉዳይ የጎረቤት ጉዳይ ነው። ከንጋቱ 11 ሰዓት ተኩል ላይ ክራር መግረፍ ጠብ ያመጣል። ከብርኩማው (አውታሮቹ ቆዳው ላይ ከሚያርፉበት እንጨት) አጠገብ፣ በአውታሮቹና በቆዳው መካከል የታጠፈ የጨርቅ ቁራጭ አስገቡ፤ ድምፁ በጣም ይቀንሳል፣ የግራ እጅ ሥራ ግን ሳይጎድል ይሠራል። ድምፁን ሙሉ የሚፈልገውን ልምምድ ለማታ 12 ሰዓት አካባቢ አቆዩ።

75ቱ ደቂቃ እንዴት ይከፈላል

አምስት ደቂቃ ለመቃኘት፣ አሥር ለማሟሟቅ፣ ሃያ ለእጅ ሥራ፣ ሃያ አምስት ለዘፈን፣ አሥር ለጆሮ፣ አምስት ለደብተር። ስልኩ በረራ ላይ ይሁን። እንደ መቃኛና እንደ ሜትሮኖም (በደቂቃ ይህን ያህል ምት እያለ የሚመታ መሣሪያ) ትገለገሉበታላችሁ እንጂ መልእክት አይገባበትም።

መቃኘት አሰልቺ ስለሚመስል ብዙ ሰው ይዘለዋል፤ የጆሮ ትምህርት ግማሹ ግን እዚህ ነው። መጀመሪያ የቅኝቱን መነሻ ድምፅ ለጉሮሯችሁ የሚመች አድርጉ። ሳትጨነቁ የምታወጡትን ዝቅተኛ ድምፅ ፈልጉ፣ ከዚያ አንድ ወይም ሁለት ድምፅ ከፍ በሉና እሱን «ዶ» አድርጉት። ክራር ለዘፋኙ ይቃኛል፤ ዘፋኝ ለክራር አይጨነቅም። ሌላ ሰው በቃኘው ክራር ላይ ለመዝፈን ሲታገሉ ጉሮሯቸውን የጎዱ ብዙ ናቸው።

ቅኝቶቹን በዶሬሚ እንዲህ ያዟቸው፤ «ፍላት» ማለት በግማሽ ድምፅ የወረደ ነው። ትዝታ ሜጀር፦ ዶ ሬ ሚ ሶል ላ። ትዝታ ማይነር፦ ዶ ሬ ሚ-ፍላት ሶል ላ-ፍላት። ባቲ፦ ዶ ሚ ፋ ሶል ሲ። አምባሰል፦ ዶ ሬ-ፍላት ፋ ሶል ላ-ፍላት። አንቺሆዬ፦ ዶ ሬ-ፍላት ፋ ሶል-ፍላት ላ። ስድስተኛ አውታር ካለ ከአምስቱ የአንዱ ድምፅ በላይኛው ወይም በታችኛው እርከን ይደገምበታል።

አምስቱን ለየብቻ ከመሸምደድ ይልቅ ከአንዱ ወደ ሌላው ሲኬድ የትኛው አውታር እንደሚንቀሳቀስ ማወቅ ይሻላል። ከትዝታ ሜጀር ወደ ማይነር ሁለት አውታር ብቻ ይነካል፤ ሚ እና ላ ግማሽ ድምፅ ይወርዳሉ። ከትዝታ ማይነር ወደ አምባሰል ሬ ግማሽ ድምፅ ይወርዳል፣ ሚ-ፍላት አንድ ሙሉ ድምፅ ወጥቶ ፋ ይሆናል። ከአምባሰል ወደ አንቺሆዬ ሶል ግማሽ ይወርዳል፣ ላ-ፍላት ግማሽ ይወጣል። ከትዝታ ሜጀር ወደ ባቲ ሦስት ይነካሉ፦ ሬ ሙሉ ድምፅ ወጥቶ ሚ፣ ሚ ግማሽ ወጥቶ ፋ፣ ላ ሙሉ ወጥቶ ሲ ይሆናል። አንድ ተጨማሪ ነገር፦ ትዝታ ማይነርን ሳትነኩ ከሶል ተነሥታችሁ ብትጫወቱት የአምባሰልን ርቀቶች ታገኛላችሁ። ይህን በጆሮ ማረጋገጥ ለአንድ ሳምንት የሚበቃ ጥሩ ሥራ ነው፤ ቅኝት ማለት የድምፆች ስብስብ ብቻ አለመሆኑን፣ ከየት ተነሥቶ የት እንደሚያርፍም መሆኑን እጅ ይረዳዋል።

በመጀመሪያዎቹ ሁለት ወራት የስልክ መቃኛ ተጠቀሙ፣ ግን ሁልጊዜ በጆሮ ከቃኛችሁ በኋላ ለማረጋገጫ ብቻ። ቅደም ተከተሉ ከተገለበጠ ዓይን ይቃኛል፣ ጆሮ ይተኛል፤ መድረክ ላይ በጩኸት መካከል ስልኩ ምንም አያነብላችሁም።

ቅኝት የማይጸናባቸው ምክንያቶች ጥቂት ናቸው። አዲስ የናይለን አውታር ለመጀመሪያዎቹ ቀናት ይለጠጣል፤ በየአሥር ደቂቃው መውረዱ የተለመደ ነው፣ ስለዚህ አዲስ አውታር በሥራ ዋዜማ አይታሰርም። ቀንበሩ (አውታሮቹ ከላይ የሚታሰሩበት አግዳሚ እንጨት) ላይ የተጠመጠመው ጨርቅ ከላላ አውታሩ ሁሉ ይንሸራተታል፤ ጨርቁን አውጥታችሁ ጥብቅ አድርጋችሁ ጠምጥሙ። በክረምት ቆዳው እርጥበት ይስባል፣ ይላላል፣ ድምፁ ይታፈናል። እሳት አጠገብ ማድረቅ ቆዳውን ይሰነጥቀዋልና ሞቅ ያለ፣ ነፋስ ያለው ቦታ ላይ በቀስታ ይድረቅ። በዋሽንግተን፣ በስቶክሆልም ወይም በሌላ ብርድ አገር የምትኖሩ ደግሞ ተቃራኒው ይገጥማችኋል፤ የክረምቱ የቤት ማሞቂያ አየሩን ስለሚያደርቅ ቆዳው ከልክ በላይ ይወጠራል። ክራሩን ከማሞቂያው አርቁ፣ ከልምምድ በኋላም አውታሮቹን ግማሽ ድምፅ ያህል አላሉ።

የእጅ ሥራ

በክራር ሁለት መንገድ አለ፤ ድርድርና ግርፍ። በድርድር አውታሩ በጣት ይነካል፣ አንድ በአንድ። በግርፍ ቀኝ እጅ በመምቻ ሁሉንም አውታር ይገርፋል፤ ዜማውን የሚመርጠው ግራ እጅ ነው። ግራ ጣቶች ከኋላ ሆነው አውታሮቹን አፍነው ይይዛሉ፣ መሰማት ያለበት ላይ ያለው ጣት ብቻ ለቅጽበት ይነሣል። ባለ ስድስት አውታር ከሆነ አንዱ ጣት ሁለት ይጠብቃል።

የግርፍ ጀማሪ የሚወድቅበት ጉድጓድ አንድ ነው፤ ቀኝ እጁን ለማፍጠን ይጣደፋል። ሁልጊዜም ቢሆን የሚያበላሸው ግራው ነው፦ ጣቱ ዘግይቶ ይነሣል ወይም ዘግይቶ ይመለሳል፣ የማይፈለግ አውታር አብሮ ይጮኻል። መፍትሔው ይህ ነው። ሜትሮኖም 60 ላይ ይሁን። ቀኝ እጅ በየምቱ አንድ ጊዜ ወደ ታች ይግረፍ። ግራ እጅ ሁሉንም ያፍን፤ «ጭ» የሚል ድምፅ ብቻ ይሰማ። አራት ምት እንዲህ፣ ቀጥሎ አንዱን ጣት አንሥታችሁ አራት ምት፣ መልሱ፣ ቀጣዩን ጣት አንሡ። በሁሉም አውታር ላይ ሦስት ጊዜ ተከታትሎ ያለ ስሕተት ከወጣ ሜትሮኖሙን በ4 ጨምሩ። አንድ ስሕተት ከመጣ በ4 ቀንሱ። በአንድ ቀን ከ12 በላይ አትጨምሩ፤ በማግሥቱ ካለፈው ቀን መድረሻ 8 ዝቅ ብላችሁ ጀምሩ። ቀርፋፋ ይመስላል፤ ግን በዚህ መንገድ የተሠራ ፍጥነት አይጠፋም።

ሦስተኛ ወር ላይ ችክችካ ወደሚባለው ምት ግቡ። ምቱ በስድስት ስምንተኛ ነው፤ በሁለት ትልልቅ ምት፣ እያንዳንዱ በሦስት ይከፈላል። ክራሩን ከማንሣታችሁ በፊት ሁለት ቀን በእግርና በእጅ ብቻ ሥሩት፦ እግር ትልልቆቹን ሁለቱን፣ እጅ ስድስቱን። ሜትሮኖሙ ትልልቆቹን ብቻ ይምታ። ስድስቱንም እንዲመታ ካደረጋችሁት ጊዜውን እሱ ይቆጥርላችኋል እንጂ እናንተ አትቆጥሩም።

ለድርድር የሚያስፈልገው የድምፅ እኩልነት ነው። ትዝታን በ50 ምት፣ እያንዳንዱን ድምፅ በእኩል ጉልበት ንኩና ቅዱት። ስታዳምጡ አውራ ጣት የነካው ሁልጊዜ ይጎላል፣ ቀለበት ጣት ይከሳል። ለአንድ ሳምንት ደካማውን ጣት ብቻ በየቀኑ አምስት ደቂቃ አሠሩት።

ሕመምን ለይታችሁ እወቁ። የጣት ጫፍ መቃጠል በመጀመሪያዎቹ ሦስት ሳምንታት የሚጠበቅ ነው፤ ውኃ ከቋጠረ አታፍርጡት፣ ሁለት ቀን በጨርቅ በታፈነ አውታር የግራ እጅ ብቻ ሥሩ። የእጅ አንጓ ወይም የክንድ የሚወጋ ሕመም፣ የጣት መደንዘዝ ግን ሌላ ነገር ነው። ወዲያው አቁሙ፤ ከቀናት ዕረፍት በኋላ ከተመለሰ ሐኪም ይየው። ብዙ ጊዜ መንሥኤው አንጓው ታጥፎ መያዙ ወይም ክራሩ በግራ እጅ ብቻ መደገፉ ነው። መሣሪያው በጭን ወይም በማንገቻ ይደገፍ፤ ግራ እጅ ምንም ክብደት አይሸከም። በየ25 ደቂቃው ተነሥታችሁ እጃችሁን አራግፉ። በሕመም ላይ መጫወትን እንደ መሥዋዕትነት የሚቆጥሩ አሉ፤ ይህ መሥዋዕትነት አይደለም፣ የመሣሪያውን ግማሽ መስበር ነው።

ዘፈን መማር

በወር ሁለት ዘፈን ያህል ያዙ፣ ከዚያ በላይ አትያዙ። ቅደም ተከተሉ ይህ ነው፦ ለሦስት ቀን አዳምጡ ብቻ፤ በአራተኛው ቀን ያለ ክራር ዝፈኑት፤ ግጥሙን በእጃችሁ ጻፉት፤ ከዚያ ዜማውን አንድ አውታር በአንድ ጊዜ ፈልጉ፤ መጨረሻ ላይ ምቱን ጨምሩ። ያልዘፈናችሁትን ዜማ ጣታችሁ አያገኘውም። ከስልክ ወደ ጣት በቀጥታ ለመቅዳት የሚሞክር ሰው ሰዓቱን የሚጨርሰው ወደ ኋላ በመመለስ ነው። ቀረጻው ከፈጠነ ፍጥነቱን ወደ ሦስት አራተኛ አውርዱት፤ የድምፁን ከፍታ ሳይቀይር የሚያዘገይ መተግበሪያ ምረጡ።

ማንን ታዳምጣላችሁ? አስናቀች ወርቁን፣ ካሳ ተሰማን፣ ሜሪ አርምዴን። ሦስቱም በክራር ዘፍነዋል። ስታዳምጡ ጣቱን ሳይሆን ባዶ ቦታውን ያዙ፦ ድምፅ ሲገባ ክራሩ የት ይዘገያል፣ የት ዝም ይላል፣ ስንኝ ሲያልቅ የትኛው አውታር ይመለሳል። ጀማሪ ዝምታን ይፈራል፤ ግጥሙ ላይ ሁሉ ይገርፍበታል፣ ሰሙም ወርቁም ሳይሰማ ያልፋል። በሳምንት አንድ ቀን የጆሮውን አሥር ደቂቃ ለዚህ ብቻ ስጡ፤ ክራር የሚያርፍባቸውን ቦታዎች በጻፋችሁት ግጥም ላይ ምልክት አድርጉባቸው።

ለባቲና ለአምባሰል የወሎን ዘፋኞች ፈልጉ። ስማቸው የቦታ ስም ነው፣ አገሩ ሲዘፍናቸው የድምፁ መታጠፊያ ሌላ ነው።

ደብተርና ቀረጻ

በየቀኑ መጨረሻ አራት ነገር ብቻ ይጻፋል፦ ቀን፣ ሜትሮኖም የደረሰበት ቁጥር፣ የተበላሸው ነገር፣ ነገ ከየት ይጀመራል። አራተኛው ከሁሉ ይበልጣል። ነገ ከየት እንደሚጀመር የተጻፈለት ሰው ክራሩን ሲያነሣ አያመነታም።

ዓርብ ዓርብ አንድ ዘፈን ሙሉ ቅዱ፤ ስልኩ አንድ ሜትር ያህል ርቆ፣ ከጠረጴዛው ጋር እንዳይነዘር ጨርቅ ላይ ተቀምጦ። በዚያው ምሽት አታዳምጡት፤ ጆሮ ገና የተጫወተውን ሳይሆን ያሰበውን ይሰማል። ቅዳሜ ጠዋት አዳምጡና ሦስት ስሕተት ብቻ ጻፉ። አሥር ብትጽፉ አንዱንም አታስተካክሉም። ቀረጻዎቹን አታጥፉ፤ ከአራት ወር በፊት ያለውን መስማት በማንም ምስጋና የማይተካ ብርታት ይሰጣል።

አንድ ቀን ካመለጠ በማግሥቱ 150 ደቂቃ አትቀመጡ። ዕዳ የሆነ ልምምድ ይጠላል። መደበኛውን 75 ሥሩ፣ ያለፈው አለፈ። በጣም በተጣበበ ቀን የ15 ደቂቃ አቅም ይኑራችሁ፦ አምስት ቅኝት፣ አምስት የግራ እጅ ማፈን፣ አምስት የያዛችሁት ዘፈን አንድ ክፍል። ሁለት ቀን በተከታታይ ማለፍ ግን አይፈቀድ፤ ሦስተኛው ቀን ላይ ማቆም ቀላል ይሆናልና።

ሥራ ሲመጣ

የሙዚቃ ሥራ አገራችን ውስጥ ወቅት አለው። ከጥምቀት በኋላ ሰርግ ይበዛል፤ ዐቢይ ጾም ሲገባ ለ55 ቀን ይደርቃል፤ ከፋሲካ በኋላ ይመለሳል። ይህን ያላሰበ ተጫዋች በጥር ይበላል፣ በመጋቢት ይበደራል፤ ብድር ሲጠናው ክራሩን ይሸጣል ወይም ያስይዛል። ከእያንዳንዱ የሰርግ ክፍያ አንድ አምስተኛውን እቤት ከመድረሳችሁ በፊት ለይታችሁ ለጾሙ አስቀምጡ። ሁለት ሙሉ ስብስብ ትርፍ አውታርና ትርፍ መምቻም ከዚሁ ይገዛ።

ጾሙን ደግሞ እንደ ባዶ ጊዜ አትዩት። ሥራ የሌለበት 55 ቀን ለአንቺሆዬ፣ ለአዲስ ዘፈን፣ ለድርድር ትክክለኛው ወቅት ነው። በሰርግ ወራት ደግሞ ልምምዱ ወደ 30 ደቂቃ ይውረድ፤ አዲስ ነገር አይጀመርበት፣ የያዙትን ማጥራት ብቻ።

የምሽት ቤት ሥራ ገንዘቡ ፈጣን ነው፤ ብዙ የተማሩበትም ትምህርት ቤት ነው። አዝማሪ ከተሰብሳቢው ፊት ግጥም የሚያበጀው፣ የሰው ስም ተቀብሎ ወዲያው የሚመልሰው እዚያ ነው፣ ይህን ክፍል ውስጥ አታገኙትም። ዋጋው ግን ከባድ ነው፤ ከእኩለ ሌሊት በኋላ ያልቃል፣ ድምፅ ማጉያው ጆሮን ይመታል፣ ሸላሚው ብርጭቆ ይልካል። በመጀመሪያው ዓመት በሳምንት ከሁለት ምሽት በላይ አትቀበሉ። ከማጉያው ፊት ሳይሆን ከጎኑ ወይም ከኋላው ተቀመጡ፤ የጆሮ መድፈኛ ይዛችሁ ሂዱ። ለመጠጥ ከአስተናጋጁ ጋር ቀድሞ መነጋገር ይቻላል፦ የተላከው ሁሉ አምቦ ውኃ ሆኖ ይምጣ። ሸላሚው አይከፋም፣ ብርጭቆው ተነሥቷል። «ጫት ለልምምድ ያግዛል» የሚለውን አትስሙ። ሌሊቱን ያራዝማል፣ እጅን ያንቀጠቅጣል፣ የነገውን ማለዳ ይወስዳል፤ በሳምንቱ መጨረሻ ስሌቱ ሁልጊዜ ኪሳራ ነው።

ነጻ ሥራ የሚጠይቃችሁ ይበዛል። በመጀመሪያው ዓመት በወር አንድ ተቀበሉ፦ ዘመድ ቤት፣ የሰፈር ዝግጅት፣ በሰው ፊት የመጫወት ልምምድ የሚሆን። ከዚያ በላይ ለሆነው መልሱ አጭርና በትሕትና ይሁን፤ «በዚያ ቀን ልምምድ አለብኝ» ማለት ምክንያት ነው፣ ሌላ መደርደር አያስፈልግም።

የዓመቱ መለኪያ

በ12ኛው ወር አምስት ወይም ስድስት ሰው ቤት ጥሩ፤ ከመካከላቸው አንዱ ሙዚቃ የሚያውቅ ይሁን። ያለ ወረቀት 40 ደቂቃ ተጫወቱ፤ አሥር ዘፈን፣ ቢያንስ በሦስት ቅኝት። ቅኝት ስትቀይሩ ሰዓት ይያዝ፤ ሁለት ደቂቃ ውስጥ፣ ያለ ስልክ፣ ለሰው እያወራችሁ። የሚወርደውን አውታር አስቀድሙ፣ የሚወጣውን አስከትሉ፤ ሁሉንም አንድ ላይ ማጥበቅ አውታር ይበጥሳል፣ ቆዳውንም ይጫናል። ቅኝቱ ከሁለት ደቂቃ ካለፈ የሚቀጥሉት ሁለት ወራት ጠዋት ጠዋት አሥር ደቂቃ ለቅየራ ብቻ ይሁኑ። ግጥም ከጠፋ ችግሩ ያለ ክራር መዝፈን የተዘለለበት ቦታ ነው፤ ወደ አራተኛው ቀን ተመለሱ። ምቱ ከፈጠነ ቀረጻውን በሜትሮኖም ለኩና የት እንደጀመረ ፈልጉ። ብዙ ጊዜ የምታውቁት፣ የምትወዱት ስንኝ ላይ ነው፤ እሱን ለብቻ ቆርጣችሁ በ60 ሥሩት።